ቁልቁለት የሚፈሩት ወጌሻ

ጋሽ እንድሪስ ማረፋቸውን የነገረችኝ እናቴ ናት። ሐይቅ፣ መምህራን ክፍል ውስጥ የተማሪ ደብተር ሳርም ስልኬ ጠራ። እናቴ ስልክ ላይ ሰላምታ የምታሳጥር ሴት አይደለችም፤ ከእኔ ጤና ጀምራ እስከ አከራዬ ዶሮዎች ድረስ ትጠይቃለች። ያን ዕለት ግን «ጋሽ እንድሪስ ሄዱ» ብቻ አለች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያደረግሁት ነገር እስካሁን ይገርመኛል፤ ከሥሬ አጥፌ የተቀመጥኩበትን እግሬን አውጥቼ ዘረጋሁት። አንድ እግሬን አጥፌ መቀመጥ የልጅነት ልማዴ ነው። ጋሽ እንድሪስ ይህን ልማዴን ባዩ ቁጥር ፊታቸው ይጨማደድ ነበር፤ ሞተውም ያዩኝ መሰለኝ።

ሙያቸው ወጌሻነት ነው። ቤታቸው እናቴ በምትኖርባት በውጫሌ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ነበር። የወለቀ ይመልሳሉ፣ የተሰበረ ያስራሉ፣ ከአምባሰል ገጠር ሰው በቃሬዛ ይመጣላቸዋል። እኔ የማስታውሳቸው ግን በጭንቀታቸው ነው። እንደ እሳቸው የሚጨነቅ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኔ ራሴ ጭንቀታም ነኝና ይህን የምለው አውቄ ነው። በገበያ ቀን ጥግ ይዘው ይቆሙና ሴቶቹ ከነሸክማቸው ሲነሱ ያያሉ። አንዷ ቁጢጥ ካለችበት በአንድ እግሯ ተመርኩዛ፣ ወገቧን ጠምዝዛ ብድግ ስትል «ያረቢ፣ ያረቢ» እያሉ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። የሚያመው እሷን ሳይሆን እሳቸውን ይመስላል። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ መሬት ላይ ተኮራምታ ስትውል አላስችል ብሏቸው የለስላሳ ሳጥን አመጡላትና «ከመሬት ከፍ በይ» አሏት። መርቃ ተቀበለች። በሳምንቱ ሲመጡ ሽንኩርቱ ሳጥኑ ላይ ነው፤ እሷ መሬት ላይ ናት።

«ጉልበት ዝምተኛ ነው» ይሉ ነበር። «የተናገረ ቀን ሰዓቱ አልፏል።»

እናቴን ወደ እሳቸው የወሰድኳት በሰኔ ነው። ታናሽ ወንድሜ በባሕር ተሻግሮ ሊሄድ ከቤት ከወጣ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ ድምፁ ጠፍቶብን ነበር። እናቴ «ልጄ ድምፁን ካሰማኝ ለመስከረም ሃያ አንድ ግሸን በእግሬ ወጥቼ እሳለማለሁ» ብላ ተሳለች። ወንድሜ በፋሲካ ማግስት ደወለ። ጅዳ ነው፣ ሥራ ይዟል፣ ደህና ነው። ደስታው ግን ብዙም አልቆየልንም፤ እናቴ ስትሳል ጉልበቷን አላማከረችውም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያማት የከረመው ቀኝ ጉልበቷ ያን ሰሞን ባሰበት። ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ግድግዳ ትይዛለች። ከተቀመጠችበት ስትነሳ መጀመሪያ «እመቤቴ» ትላለች፣ ከዚያ ትንፋሿን ትውጣለች፣ ከዚያ ነው የምትቆመው።

እኔ የፈራሁት ሁለት ነገር ነው። እናቴ ስለቷን ካላደረሰች ወንድሜ ላይ አንድ ነገር ይደርሳል ብላ ታምናለች፤ ሳትወጣ ብትቀር ቀሪ ዕድሜዋን ስልክ በጠራ ቁጥር እየደነገጠች እንደምትኖር አውቃለሁ። ብትወጣ ደግሞ የግሸን አምባ ገደል አለ። በቅሎ እንዳንከራይ ስለቱ «በእግሬ» ይላል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ወጌሻ ዘንድ ሄድን።

እናቴ ቅቤ በጣሳ ይዛ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ከፍ ያለ ወንበር ላይ አስቀመጧትና የእጃቸውን ጀርባ መጀመሪያ ደህናው ጉልበት ላይ፣ ቀጥሎ የሚያመው ላይ አሳረፉ። እንደገና ወደ ደህናው ተመለሱ። ሙቀቱን እያነጻጸሩ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው። እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

«አላሽም» አሉ።

«አንቱ፣ ቅቤውን ይዤ መጥቻለሁ እኮ» አለች እናቴ።

«ቅቤውን ለወጥ አድርጊው። አንች መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ። ከዛ እኔ ቤትሽ እመጣለሁ።»

እናቴ የተናቀች መሰላት። መንገዱን ሙሉ «ወጌሻም እንዲህ ኩሩ ሆነ» እያለች ስታጉረመርም ሄደች። ሐኪም ቤት አሳየኋት። የጉልበቷ መገጣጠሚያ እየሳሳ መሆኑን ነገሯት፤ ለሕመሙ ክኒን፣ ለጡንቻዋ ደግሞ የእንቅስቃሴ ሥዕል ያለበት ወረቀት ሰጧት። ክኒኑን ዋጠች። ወረቀቱን በክብር አጥፋ ከመዝሙረ ዳዊቷ ውስጥ አስቀመጠችው፤ እዚያም ቀረ።

ጋሽ እንድሪስ ቃላቸውን ጠብቀው በቅዳሜ ጠዋት መጡ። እናቴ ልታስተናግድ ተፍ ተፍ ስትል «እኔ የለሁም በይ፣ ሥራሽን ሥሪ» አሏትና በረንዳ ላይ ተቀመጡ። እስከ ቀትር ድረስ ምንም አልተናገሩም፤ አዩ ብቻ። እኔም እሳቸው የሚያዩትን ማየት ጀመርኩ፤ ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ ያላየሁትን አየሁ። ልብስ የምታጥበው አጭር የእንጨት መቀመጫ፣ ዱካ ላይ ሆና ነው፤ ዱካው ከማጠሩ የተነሳ ጉልበቷ አገጯ ሊደርስ ነው። ውሃውን ልትደፋ ስትነሳ ሳፋውን እንደያዘች በሚያመው እግሯ ላይ ትዞራለች። ምስር ልትለቅም ቁጢጥ አለች፤ ለቅማ እስክትጨርስ ጎረቤት መጥታ ወሬ አውርታ ሄደች። የኮንጎ ጫማዋ ተረከዝ በአንድ ጎኑ ተበልቶ እግሯን ወደ ውጭ ያጋድለዋል። እነዚህን ሁሉ ከሠራች በኋላ «ላሳርፈው» ብላ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠችና ንቅንቅ ሳትል ቆየች።

ጋሽ እንድሪስ በመጨረሻ ተናገሩ። የዱካውን ነገር፣ የመዞሩን፣ የጫማውን አንድ በአንድ ነገሯት። መቀመጧንም አልማሩላትም። «ማጠፉ ይጎዳል፣ እንደ ድንጋይ መቀመጡም ይጎዳል። የበር ማጠፊያ ካልተከፈተ ካልተዘጋ ይዝጋል፤ እንዲያ ነው።»

እናቴ ተቆጣች። «እኔ ዕድሜ ልኬን እንዲህ ነው የሠራሁት!»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ፣ እቴ አስካለ» አሉ በለሆሳስ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳፋው ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ምስሩም። ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ ገዛሁላት፤ «የወንድ ነው» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችው። ትልቁ ትግል የወረቀቱ እንቅስቃሴ ነበር። ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ወደ ፊት ቀጥ አድርጋ አንስታ ማቆየት አለባት። ቁጥር ስትቆጥር ይጠፋባታል። ጋሽ እንድሪስ መላ ፈጠሩ፤ «የናንተን አባታችን ሆይ በይ፣ ጨርሰሽ ሳትወጭ እግርሽ አይውረድ» አሏት። እናቴ ጸሎቱን አጣድፋ አደረሰች። ጋሽ እንድሪስ ጆሯቸውን አዘንብለው ሲሰሙ ቆይተው «አጀብ ነው፤ መሀሉን ዘለልሽው» አሉ። እናቴ ደነገጠች፤ እስላም ጸሎቷን ሲያርማት ምን ትበል? «እናንተ ሰፈር ስንት ዘመን የኖርኩ ይመስልሻል? እንደገና በይው፣ ቀስ ብለሽ» አሏት። እንደገና አለችው።

በየሦስት ቀኑ ምክንያት እየፈጠሩ ይመጣሉ። በዚህ ሳልፍ ነው ይላሉ፤ ቤታችን ግን መንገድ መጨረሻ ላይ ነው፣ የሚታለፍበት የለም። እናቴ ስትነሳ፣ ስትቀመጥ፣ ደረጃ ስትወርድ ያያሉ። ተሻሽላ ስትራመድ እንኳን አይደሰቱም፤ ወደሚቀጥለው ሥጋት ያልፋሉ። እኔ ከእሳቸው ጋር ስሆን የእኔ ጭንቀት ቀለል ይለኝ ነበር፤ የሚሸከምልኝ ሰው ያገኘሁ ያህል።

ይህ ሁሉ ከየት እንደመጣ የገባኝ በሐምሌ፣ ስኳርና ሳሙና ይዤ ቤታቸው የሄድኩ ዕለት ነው። ጋሽ እንድሪስ ለከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት መስጊድ ሄደዋል። ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ ወንበር ላይ ተቀምጠው ግራ እግራቸውን ፊት ለፊታቸው ባለ በርጩማ ላይ ዘርግተዋል። ሲያወሩኝ ቆይተው ወደ እግራቸው ስመለከት ያዙኝ።

«አይታጠፍም» አሉ። «ልጅ እያለሁ ነው፣ ሦስት ልጅ ወልጄ። ያብጣል፣ እንደ እሳት ይፋጃል። እሱ ያኔ እጁ የታወቀ ነው፣ ሰው ከየጁ ሳይቀር ይመጣለታል። ሦስት ቀን በቅቤ አሸኝ። ስጮህ "ቻይ፣ ሊመለስ ነው" ይለኛል። ለካ ውስጡ መግል ይዞ ኑሯል። ሐኪም ቤት ስደርስ እግሩ ሳይቆረጥ መቅረቱ ራሱ የአላህ ሥራ ነው አሉኝ።»

«ይቅርታ ጠይቀውዎታል?» አልኩ፤ ከአፌ እንደወጣ ግን አፈርኩ።

«በምን ቃል? ከዛ ቀን ወዲህ ያበጠ ጉልበት ባየ ቁጥር እጁ ይንቀጠቀጣል። እኔ እሱን እያየሁ ነው የኖርኩ፤ ሌላ ምን ይበለኝ።»

የእናቴን ጥፋት የማወራው እየፈራሁ ነው፤ ብታነበው ትቆጣኛለች። የፍልሰታ ጾም ገባ። ጉልበቷ በጣም ተሽሎት ነበር። ክረምቱ ትምህርት ስለሌለ እኔ ውጫሌ ነበርኩ፤ አምስት ቀን ለሥልጠና ወደ ሐይቅ ሄጄ ስመለስ ጉልበቷ እንደ ሕፃን ራስ ተድቦልቡሎ አገኘሁት። ምን እንደሆነች ብጠይቃት «ብርድ ነው» አለች። ጋሽ እንድሪስን ጠራኋቸው። የእጃቸውን ጀርባ አሳረፉ፤ ደህናው ላይ፣ ያበጠው ላይ፣ ደህናው ላይ። ላብ ግንባራቸው ላይ አየሁ።

«እቴ አስካለ፣ ብርድ እንዲህ አያደርግም። ምን ሠራሽ?»

እናቴ አንገቷን ደፋች። ጉልበቷን እንድትምርላት ለእመቤታችን ስትሰግድ ሰንብታለች። በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት፣ ጠዋት ጠዋት፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ማንም ሳያይ። ለጉልበቷ ፈውስ በጉልበቷ ወድቃ።

ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ። መስከረም ሃያ አንድ ሃምሳ ቀን አልቀረውም። በውስጤ ስለቱን ረገምኩት፤ ወዲያው ወንድሜ ትዝ ብሎኝ ደነገጥኩና መልሼ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ጋሽ እንድሪስ አልተቆጡም። «እኛም እንሰግዳለን» አሏት። «እኔ ከዐምና ወዲህ ወንበር ላይ ሁኜ ነው የምሰግድ። መጀመሪያ አፍሬ ነበር። ኋላ ግን አሰብኩት፤ የሚሰማኝ ጌታ ወንበሩን አይቶ አይመልሰኝም። አንችም የነፍስ አባትሽን ጠይቂ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ባጃጅ እንድጠራ አዘዙኝ። ጉልበቱ እንዳልፋጀ ነገሩኝ፤ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ሳያየው እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ነገሩኝ። አብረውን ሄዱ። መግል የለውም፣ ከጫና የመጣ እብጠት ነው ሲባል ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

የነፍስ አባቷ «ከወገብሽ ጎንበስ ማለቱ ይበቃሻል» አሏት። እብጠቱ ጎደለ። እንቅስቃሴው እንደገና ከሀ ተጀመረ። እኔ በየማለዳው የቀረውን ቀን እቆጥራለሁ፤ ለእናቴ ግን «ገና ብዙ ቀን አለ» እላታለሁ።

በዋዜማው ጋሽ እንድሪስ ከእኛ ጋር አውቶቡስ ተሳፈሩ። ረዳቱ «ጋሼ፣ እርስዎም ግሸን?» ብሎ ሲቀልድባቸው «እኔ ጉልበት ላጅብ ነው» አሉት፤ ሰው ሳቀ። አውቶቡሱ የሚያቆምበት ደርሰን ስንወርድ ግን ቀልዱ ከፊታቸው ጠፋ። እናቴን ወደ ጎን ወሰዷት።

«መውጣቱን አልፈራልሽም። ዳገት የሚጠይቅ ልብ ነው፣ ልብ ደግሞ አለሽ። ጉልበት የሚበላ ቁልቁለት ነው። ስትወርጅ ምርኩዝሽን አስቀድሚ፣ እርምጃሽን አሳጥሪ። ስለቴን አደረስኩ ብለሽ እንዳትፈጥኝ። ወጣቱ ሲሮጥ መንገድ ልቀቂለት።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለች እናቴ።

«ስትወርጅም እንደዚሁ በይ» አሉ፤ አልሳቁም።

መውጣቱ እንዳሉት ሆነ። እያረፍን፣ ውሃ እየጠጣን ወጣን፤ እዚያ አድረን በማግስቱ እናቴ ተሳለመች። ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆማ የወንድሜን ስም ደጋግማ ስትጠራ አንድም ሕመም ፊቷ ላይ አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ፍርሃቴ የጠናው። ጋሽ እንድሪስ የነገሯት ሁሉ ከጭንቅላቷ የጠፋ መሰለኝ።

የክረምቱ ጭቃ ገና አልደረቀም። ወጣቶች እየዘመሩ እየሮጡ ያልፉናል፤ አንዳንዱ ትከሻችንን ገፍቶን ይሄዳል። እኔ ከፊቷ ነኝ፤ ብትወድቅ ልይዛት ነው፣ ዞር እያልኩ ስለማያት ግን ልወድቅ የደረስኩት እኔ ነኝ። ምርኩዟን ታስቀድማለች፣ ትቆማለች፣ እግሯን ታሳርፋለች። ግማሽ ስንደርስ አንድ ድንጋይ ከሥሯ ተንሸራተተና ቁጭ አለች። ሰው ከላይ እየመጣ ነው፤ እጄን ዘርግቼ መንገዱን ዘጋሁ። እናቴ ጉልበቷን ዳሰሰች። አጠፈችው፣ ዘረጋችው።

«ተይ አትጩሂ፤ ደህና ነኝ» አለች። አልጮህኩም ነበር።

ሌላው ሰው ከወረደበት ጊዜ ሦስት እጥፍ ፈጅተን ታች ደረስን። ጋሽ እንድሪስ መንገዱ ዳር ናቸው። ቁጢጥ ብለው፣ አገጫቸውን ምርኩዛቸው ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ከቁልቁለቱ ላይ ሳይነቅሉ። አጠገባቸው ሻይ የምትሸጥ ሴት «ከጠዋት ጀምሮ እንደዚህ ናቸው» አለችን። «ወንበር ብሰጣቸው "ከዳሱ ውስጥ መንገዱ አይታየኝም" አሉኝ።»

እናቴን ሲያዩ ሊነሱ ሞከሩ፤ አልቻሉም። እንደገና ሞከሩ። ጉልበታቸው እምቢ አለ። እናቴ ምርኩዟን ለእኔ አቀበለችኝና በብብታቸው ገብታ ከሌላው ወገን እኔ ደግፌያቸው አነሳናቸው። ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ብለው መቆም አቅቷቸው እናቴን ተደግፈው ቆዩ።

«አንቱ፣ ቀኑን ሙሉ ቁጢጥ ብለው ነው የዋሉት?» አለች እናቴ።

«ለማንም እንዳትነግሪብኝ» አሉ። መጀመሪያ ያዩት ግን ጉልበቷን ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። ያመማቸው ሌላ በሽታ ነው፤ ጨክኖ ቶሎ ጣላቸው። እኔ በትምህርት ቤት ሥራ ተይዤ ሳልጠይቃቸው መቅረቴ ይቆጨኛል። እናቴ በየቀኑ በእግሯ ትጠይቃቸው ነበር፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ግን ሰው አይለዩም ተብሎ ከበር ተመልሳለች።

በስልክ የሰማሁ ዕለት ከሐይቅ ሚኒባስ ይዤ ውጫሌ ስደርስ ቀብራቸው ተፈጽሞ ነበር። ከእናቴ ጋር ለቅሶ ቤቱ ገባን። እትዬ ፋጡማ ወንበር ላይ ናቸው፣ እግራቸውን ዘርግተዋል። ዙሪያውን ሴቶች ተቀምጠዋል። እናቴን ሲያዩ እጃቸውን ዘረጉላትና አጠገባቸው አቆሟት።

«አስካለ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አንችን ነው የጠየቀኝ» አሉ። «ዓይኑን ጨፍኖ "ፋጡማ፣ ያች ሴትዮ ወረደች ወይ?" ይለኛል። "ወርዳለች፣ አብሽር" እለዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ወረደች ወይ?" ይላል። ዛሬ ሊነጋጋ ሲል "በእግሯ?" አለኝ። "አዎ፣ በእግሯ ወርዳለች" አልኩት። ከዛ ወዲያ አልጠየቀኝም።»

እናቴ ነጠላዋን ወደ ኋላ አደረገችና፣ ልይዛት እጄን ሳልዘረጋ፣ ሁለት ጉልበቷን ሲሚንቶው ላይ አሳርፋ ተንበረከከች። የእትዬ ፋጡማን የማይታጠፈውን ጉልበት ሳመችው። ከዚያም ግንባሯን እዚያው ላይ አሳርፋ ቆየች።

እትዬ ፋጡማ ትከሻዋን ያዙ።

«ተነሽ አስካለ» አሉ። «ተነሽ፣ ቢያይሽ ይጨነቃል።»